እድራችንን ይዤ ቴአትር ቤት ሄድኩ፤ በሩ ተዘግቶ ጠበቀን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ከሁለት ሳምንት በፊት የቴአትር ተመልካች የት ገባ ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ልጄ ነች በስልኳ ያሳየችኝ። ጸሐፊው ጥፋቱን ሁሉ በስልክና በቱርክ ድራማ ላይ ደፍድፎ ጨርሷል። አልተዋጠልኝም። እኔ በአንድ ቴአትር ቤት 22 ዓመት ትኬት ቆርጬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የቱ ቴአትር ቤት እንደሆነ አልናገርም፣ እንጀራዬን የበላሁበት ቤት ነው። ግን ተመልካቹ የት እንደገባ ትንሽ አውቃለሁ፣ ቢያንስ በየት በኩል እንደወጣ አይቻለሁ።

ትኬት ቆራጭ የተመልካቹን ፊት ጠግባ ታያለች ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የማየው እጅ ነበር። መስኮታችን ጠባብና ዝቅ ያለች ስለነበረች ሰው ጎንበስ ካላለ ፊቱ አይታይም። ስለዚህ ሰውን በእጁ ለመድኩት። ጠመኔ ያልለቀቀው የአስተማሪ እጅ፣ ቅባት የጠጣ የመካኒክ እጅ፣ ቀለበቷን ለማሳየት ብሩን በግራ የምትሰጥ ሙሽራ፣ ብሩን በላብ ያራሰ ተማሪ።

አንድ ሰውዬ ነበሩ። የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ከመሀል የተቆረጠች ናት። እሁድ በ8 ሰዓቱ ትርኢት አይቀሩም። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እግራቸውን የሚዘረጉበት የዳር ወንበር ይጠይቃሉ። አንድ ቀን ዝናብ መስኮቴ ሥር አስጠልሏቸው ሲያወሩኝ፣ የተዋናዩን የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅ በሬዲዮ ሰምተው ሰውየውን በአካል ለማየት ነው መጀመሪያ ቴአትር ቤት የረገጡት። ስንት ዓመት እንደተመላለሱ እንጃ፣ ብቻ ከአሥር አያንስም። ከዚያ አንድ እሁድ ቀሩ። የሚቀጥለውም እሁድ። ታመው ይሁን፣ ሞተው ይሁን፣ ልጃቸው ጋ ሄደው ይሁን ማንም አያውቅም። ለማን ደውለን እንጠይቅ? አሥር ዓመት ሙሉ ገንዘባቸውን ስንቀበል ስማቸውን አልጠየቅናቸውም። የሰፈራችን ባለሱቅ እንኳ ዱቤ ስለሚሰጥ የደንበኛውን ስም በደብተር ይጽፋል።

እኛ የምንቆጥረው የትኬት ጉራጅ ነበር። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የተሸጠ ትኬት ይህን ያህል፣ ገቢ ይህን ያህል፣ ፊርማ፣ አለቀ። የመጣው ሰው አዲስ ነው ወይስ ተመላሽ፣ ከየት ሰፈር መጣ፣ ስለ ቴአትሩ ከማን ሰማ፣ ወጥቶ ምን አለ፣ የሚጠይቅ የለም። አንድ ጊዜ እልህ ያዘኝና ባለ 50 ሉክ ደብተር በራሴ ብር ገዛሁ። ሰልፉ ሳሳ ሲል «ይቅርታ፣ ቴአትሩን ከማን ሰማህ?» እያልኩ እጽፍ ጀመር። ሦስት ወር ጻፍኩ። «ፖስተር አይቼ» ያለኝ ጥቂት ነው። «በሬዲዮ» ያለኝም አለ። የሚበዛው ግን «ጓደኛዬ ነግሮኝ»፣ «መሥሪያ ቤት ሲያወሩ ሰምቼ»፣ «እህቴ አይታው» ነበር። ደብተሩን ይዤ አለቃዬ ጋ ገባሁ። ሁለት ገጽ እንኳ አልገለጠውም። «አንቺ ትኬትሽን ቁረጪ» አለኝ። ወጣሁ፣ ቆረጥኩ። ደብተሩ አሁንም አለኝ።

አጋር የሚለውን ቃል በቴአትር ቤታችን የምሰማው ስብሰባ ላይ ነበር። ትርጉሙ ስፖንሰር ማለት ነበር፣ ስፖንሰር ደግሞ ባነር። አንድ ድርጅት ገንዘብ ይሰጣል፣ ባነሩ ከመድረኩ ጎን ይሰቀላል፣ መድረክ መሪው ስሙን ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ ድርጅቱም መቶ የግብዣ ካርድ ይወስዳል። መቶው ካርድ የሚይዘው የፊት ረድፎችን ነው። ቀኑ ሲደርስ ከመቶው ሃያ ሰው ከመጣ ጥሩ ነው። የቀረው ካርድ የሆነ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። መጋረጃው ሲከፈት ተዋንያኑ ፊት ለፊታቸው የሚያዩት ባዶ ወንበር ነው፣ ከፍሎ የገባው ሰው ከኋላ አንገቱን ያሰግጋል። «እህቴ፣ ፊት ባዶ ነው፣ ለምን አታስቀምጡንም?» ይሉኛል። «የክብር እንግዶች ናቸው» እላለሁ። «ያልመጣ እንግዳ ምን ክብር አለው?» ብሎ የመለሰልኝን ጎረምሳ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ገንዘቡም ቢሆን አይታመንም። ስንቱ ኮንሰርትና ዝግጅት በቢራ ፋብሪካ ትከሻ ላይ ቆሞ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያወርደው ያ ትከሻ ሸሸ። አዋጁን እየተቃወምኩ አይደለም፣ ልጅ ያሳደግኩ ሰው ነኝ። የምለው፣ ገንዘቡ ሲሄድ በቦታው የቀረ ሰው ነበር ወይ? ባነሩ ሲወርድ ግድግዳው ላይ የቀረው ሚስማር ነው። ዓመት ሳይቆይ፣ መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና መጣና አዳራሾቹ ተዘጉ። ያኔ በእጃችን የደንበኞቻችን ስልክ ቢኖር «አለን፣ ስንከፍት እንጠራችኋለን» ብለን እንልክ ነበር። የማንን ስልክ? አዳራሹ ሲከፈት ሰው ይመለሳል ብለን በር ላይ ቆመን ጠበቅን። የተመለሰም አለ። የቀረው ግን ለምን እንደቀረ እስከ ዛሬ አልተጠየቀም።

ታሪካችን እኮ እንዲህ አልነበረም። ሀገር ፍቅርን እንውሰድ። በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ቴአትር ቤት አልነበረም፣ ማኅበር ነበር፣ ስሙም የሀገር ፍቅር ማኅበር። ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ መኮንን ሀብተወልድ አስተባብረው በንግግርና በዘፈን ሕዝብ ለመቀስቀስ ያቆሙት። ሰዉ ቀድሞ ተሰበሰበ፣ መድረኩ ተከተለ። ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በተገላቢጦሽ ነው፤ በ1948 ዓ.ም. የንጉሡ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር ከነግርማው፣ ከሺህ በላይ መቀመጫ ይዞ ተመረቀ፣ ሰው እንዲሞላው። ሁለቱም ስንቱን ጥበበኛ አፍርተዋል፣ የማወዳደር ሐሳብ የለኝም። ግን ዛሬ ቡድን የሚያቋቁሙ ልጆች ሲያወሩ ስሰማ ሁሉም የሚመኘው ሁለተኛውን መንገድ ነው። አዳራሽ፣ መብራት፣ መጋረጃ፣ ስፖንሰር። ሰዉ በመጨረሻ በፖስተር የሚጠራ ነገር ሆኗል።

በደርግ ጊዜ ቀበሌው ሁሉ፣ ፋብሪካው ሁሉ የኪነት ቡድን ነበረው። አዎ፣ ሰው በግድ ይሰበሰብ ነበር፣ ቀሪ የሚቆጠርበት ዘመን ነው፣ እኔም ቀሪ ተደርጌ ተጠርቼ ስለማውቅ ናፍቆት የለኝም። አንድ ነገሩ ግን ትክክል ነበር፣ መድረኩ ሰዉ ወዳለበት ይሄዳል። ግዴታው ሲቀር መሄዱም አብሮ ቀረ። ሕጻኑን ከታጠበበት ውሃ ጋር ደፋነው።

ያለ ግዴታ ሰው እንደሚመጣ ደግሞ ጦቢያ ግጥም በጃዝ አሳይቶናል። ራስ ሆቴል አዳራሽ ነበረው፣ ገጣሚው ግጥሙን ይዟል፣ ሙዚቀኛው ጃዙን። ለየብቻ ቢሆኑ ለግጥም ብሎ ከፍሎ የሚገባ ስንት ሰው ይገኝ ነበር? ሲገናኙ አዳራሹ ጠበበ። ከሁሉ በላይ ያደነቅኩት ቀኑ መታወቁን ነው። ወሩ ሲገባ የመጀመሪያው ረቡዕ ነበር። ፖስተር ፍለጋ ግድግዳ ማየት የለ፣ ሰው እንደ ማኅበር ቀን በልቡ ይዞት ነበር። በእኛ ቤት አንድ ቴአትር ዓርብ ይጀምርና ተዋናዩ ሌላ ሥራ ሲይዝ ወደ ማክሰኞ ይዛወራል፣ ከዚያ አዳራሹ ለስብሰባ ይፈለግና ይዘለላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ዓርብ የለመደው ሰው ዓርብ መጥቶ በር ይመታል። ሁለቴ ከመታ ሦስተኛ አይመጣም።

አሁን ወደ ቱርክ ድራማው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ምሽታችንን እንደወሰደው አልክድም፣ እኔም ስመለከት ምስር ያሳረርኩ ነኝ። ግን ሰው ቤቱ የተቀመጠው ድራማ ስላሰረው ብቻ አይደለም። ቤቱ ራቀ። የአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች ብዙዎቹ ያሉት መሀል ከተማ ነው፣ ተመልካቻቸውም በእግሩ የሚመጣ የፒያሳ፣ የካዛንቺስ፣ የአራት ኪሎ ሰው ነበር። ጋቢውን ደርቦ ይመጣል፣ እያወራ ይመለሳል። ያ ሰው ከብዙ ዓመት ጀምሮ ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ሲበተን ቆየ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ የቀረውም ሄደ። እኔም ከሄዱት ውስጥ ነኝ፣ ዛሬ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በ11:30 የሚጀምር ቴአትር 1:30 ላይ ያልቃል። ከዚያ ለገሃር ወርዶ ሰልፍ፣ እስከ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሌላ ሰልፍ። ቤቴ ስደርስ 3 ሰዓት ተኩል አልፏል፣ ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ። ራይድ ልጥራ ብል ሒሳቡ ከትኬቱ ስንት እጥፍ ነው። የቴአትር ቤቱ ሰዓት ግን ዛሬም በእግሩ ለሚመጣው፣ አሁን ለሌለው ሰው የተሠራ ነው።

እና አንድ ነገር ልሞክር አልኩ። እድራችን ወደ 160 አባወራ አለው። በወሩ ስብሰባ መዋጮው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ እጄን አወጣሁ። «ለቅሶ ብቻ ነው እንዴ አብረን የምንሄደው? አንድ እሁድ ቴአትር እንሂድ» አልኩ። ሳቁ። ከዚያ አንዲት ወይዘሮ «እኔ ቴአትር ያየሁት ልጅ ሳልወልድ ነው» አለች። ሌላዋም «እኔማ ጭራሽ አላየሁም»። በዚያው ወር 43 ሰው ተመዘገበ። ገንዘብ ያዡ በቴሌብር ሰበሰበ፣ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተኮናተርን፣ እኔ ደግሞ ለአንድ ቴአትር ቤት ደውዬ 43 ሰው ይዘን እንመጣለን፣ ሽማግሌዎች ስላሉ ከፊት ያዙልን አልኩ። «ችግር የለም፣ ኑ ብቻ» ተባልኩ።

ሄድን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተኩሰዋል፣ ሽማግሌዎቹ ከረባት አድርገዋል። በሩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። በቴክኒክ ችግር ምክንያት የዛሬው ትርኢት ተሰርዟል ይላል። ጥበቃውን ጠጋ ብዬ ስጠይቀው ዋናው ተዋናይ ለፊልም ቀረጻ ክፍለ ሀገር ወጥቷል። ስልክ ቁጥሬን ይዘውት ነበር፣ አልደወሉም። የእድራችን ዳኛ ወረቀቱን ሁለቴ አንብበው «እረ ሞት እንኳ በጡሩምባ ይነገራል» አሉ። ምን ልበል? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አውቶቡሱ ተከፍሎበታልና ፒያሳ ወርደን ቡና ጠጣን። ሦስት ሴቶች ቤታቸው የነበረበትን ቦታ ለማየት ሄዱ። ሣር ተተክሎበታል፣ መብራት ተተክሎበታል። አንዷ በእርምጃ እየለካች «ምድጃዬ እዚህ ጋ ነበረ» ስትል ሰማኋት። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ምን ቴአትር አለ። ደግሞም እኮ የዚያን ቀን ያ ቴአትር ቤት የሰረዘው አንድ ትርኢት አይደለም፣ 43 ሰው ነው። እያንዳንዱ ደግሞ ቤቱ ገብቶ ለሰው ይናገራል። በደብተሬ ላይ ሰው የሚመጣው ሰው ሲነግረው ነው ብዬ አልነበር? የሚቀረውም እንደዚያው ነው።

አምስት ወር አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ከየት መጡ ሳልል ልጆች መጡ። ሰባት ናቸው፣ ቴአትር ተምረው የተመረቁ፣ ስፖንሰር ፍለጋ ጫማቸው ያለቀ። የአንዱ እናት የእድራችን አባል ናት። የሚለማመዱበት ቦታ አጥተዋል፣ አዳራሽ የሚከራዩበት ብር የለም። እኛ ደግሞ ኮሚናል አለን። ኮንዶሚኒየም የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ኮሚናል ማለት ለነዋሪው በጋራ የተሠራው ቤት ነው፣ ድግስና ስብሰባ ሲኖር የምንጠቀምበት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን ባዶውን ነው የሚውለው። ኮሚቴው ተነጋገረ። እናንተ ከሰኞ እስከ ዓርብ ተለማመዱበት፣ ኪራይ አንፈልግም፣ በሁለተኛው ወር እሁድ ከስብሰባ በኋላ ሥራችሁን ለእኛ አሳዩን። በቃ፣ ውሉ ይኸው ነበር። ባነር የለው፣ ፊርማ የለው፣ መግለጫ የለው።

ያላሰብነው ነገር ልምምዱ ራሱ ሰው መሰብሰቡ ነው። ሕጻናቱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መስኮት ላይ ይንጠለጠላሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቃለ ተውኔቱን ሸምድደው ደረጃ ላይ ይጫወቱት ጀመር፣ እናቶቻቸው «ይሄን ከየት አመጣችሁት?» እያሉ ወረዱ። አንድ ቀን አዘጋጁ (የቴአትሩን ነው የምለው፣ እርስዎን አይደለም) እናት የልጇን ሞት የምትረዳበትን ትዕይንት ያለማምዳል። ተዋናይቷ ትጮኻለች፣ ፀጉሯን ትነጫለች። ውጭ ምንጣፍ የምታጥብ ጎረቤቴ ብሩሿን ይዛ በር ላይ ቆመች። «ልጄ፣ እናት መጀመሪያ እንዲህ አትሆንም። መጀመሪያ ዕቃ ታነሳለች። ቤት ታስተካክላለች፣ ሰው ሊመጣ ነዋ። ጩኸቱ በኋላ ነው» አለችው። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ትዕይንቱን ቀየረው። ተዋናይቷ ሲኒ ስታጥብ፣ ያጠበችውን ደግማ ስታጥብ። እኔ 22 ዓመት ቴአትር ቤት ኖሬ ያን ያህል አልቅሼ አላውቅም።

ችግር አልነበረም ማለቴ አይደለም። ልጆቹ የእድሩን ድንኳን ለመጋረጃ ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ አይሆንም አሉ፣ የለቅሶ ድንኳን ለጨዋታ መዘርጋት ሟርት ነው። ልጆቹ ተከራከሩ፣ ትንሽም ተኮራረፉ። እኔ ልባዊ አስተያየቴን ከጠየቃችሁኝ ሽማግሌዎቹ ልክ ነበሩ፣ የሰው ሐዘን የነካ ዕቃ ዝም ብሎ ጨርቅ አይደለም። በመጨረሻ ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ወይዘሮ የሳሎኗን መጋረጃ ከነቀለበቱ አውርዳ ሰጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው የምትታወቀው መጋረጃዋ በሚል ነው።

እሁዱ ደረሰ። 120 የፕላስቲክ ወንበር ሞላ፣ የቆመም ነበር። መግቢያ ለአዋቂ 50 ብር፣ ሕጻን በጭን ላይ በነፃ። በነፃ ይሁን ያለ ነበር፣ እኔ ነኝ የተከራከርኩት። በነፃ የተሰጠ ትኬት የት እንደሚተኛ አውቃለሁ፣ መሳቢያ ውስጥ። ከገቢው አንድ አራተኛው ለእድሩ፣ የቀረው ለልጆቹ ሆነ። መሀል ላይ መብራት ጠፋ። እንደ ልማዳችን «ውይ!» ተባለና ወዲያው ሰዉ የስልኩን ባትሪ አበራ፣ ቴአትሩ በዚያ ብርሃን ቀጠለ፣ ስልኩ ሊዘጋ የደረሰው ሰው ለጎኑ «አንተ አብራ» እያለ። ካለቀ በኋላ ቡና ተፈልቶ ነበርና ሰዉ ተዋንያኑን ይዞ ተቀመጠ። ልጁን ለምን አስገደልከው? አባትየው ለምን አልተመለሰም? ከቴአትሩ ውይይቱ ረዘመ። መጨረሻ ላይ የእድሩ ጸሐፊ ደብተር አወጣና ሌላ ጊዜ እንድንጠራው የሚፈልግ ስሙን፣ ስልኩንና የብሎክ ቁጥሩን ያስመዝግብ አለ። እኔ ዳር ቆሜ አየሁት። ያ የእኔ ደብተር ነው፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ።

ልጆቹ ከሁለት ወር በኋላ መሀል ከተማ አንድ አዳራሽ ቀን አገኙ። በዚያ ደብተር ላሉት ሁሉ አጭር መልእክት ላኩ፣ ሰዓቱን ደግሞ እኛን ጠይቀው 8 ሰዓት አደረጉት፣ በጊዜ እንድንመለስ። በሁለት ሚኒባስ 31 ሰው ሄድን፣ በር ላይ ቆሜ አንድ በአንድ ቆጥሬያለሁ። ከ31ዱ ውስጥ ዘጠኙ ያን ዝግ በር ያዩት ናቸው። ዳኛው አልመጡም። «እናንተ ቀድማችሁ በሩን እዩልኝ» ብለው ቀሩ።

የወንድሜ ልጅ ተዋናይ ነው። ይህን ሁሉ ስነግረው «አክስቴ፣ እኔ አርቲስት ነኝ፣ እድር ለእድር ልዙር?» አለኝ። ሰማሁት፣ ነገሩ ገብቶኛል። ጥበበኛ ሥራውን ትቶ ሰው ሲለቅም ይዋል አላልኩም። ለዚያ ሥራ ሌላ ሰው ይመደብ። ቴአትር ቤቶቻችን መብራት የሚያበራ ሰው አላቸው፣ አልባሳት የሚጠብቅ፣ ንብረት የሚቆጥር፣ በር የሚጠብቅ አላቸው። ሥራዬ ብሎ ተመልካቹን የሚያውቅ፣ የሚደውል፣ የሚጠይቅ፣ ትርኢት ሲሰረዝ ቀድሞ የሚናገር አንድ ሰው ግን በእኔ ዘመን አላየሁም። ለዚህ ደሞዝ የለም ይባላል። ለባነር ኅትመት ግን ይገኛል።

ለመሞከር ለሚፈልጉ ልጆች የማውቀውን ልንገራቸው። እድር ጋ ደብዳቤ አትላኩ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሲያይ ሰዉ መዋጮ ሊጠየቅ ነው ብሎ ይደነግጣል። የስብሰባውን ቀን ጠይቃችሁ በአካል ሂዱ፣ አጀንዳው እስኪያልቅ ከኋላ ተቀመጡ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ተናገሩ። ቢቻል ከውስጥ የሚያውቃችሁ አንድ ሰው ይቅደም። ከወሩ 10 በፊት ይሁን፣ ደሞዝ ሳያልቅ። የልጆች ፈተና ያለበትን ሰሞንና ክረምቱን ተዉት፣ ጭቃውን እኛ ነን የምናውቀው። ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሚኒ ሚዲያ አላቸው፣ በየቀኑ በእረፍት ሰዓት የሚጮህ፣ የሚያነቡት አጥተው ቀልድ የሚደጋግሙ ልጆች የሞሉበት። አንድ ትዕይንት ወስዳችሁ በዚያ አንብቡላቸው፣ ከዚያ የቋንቋ መምህሩን ክፍሉን ይዞ እንዲመጣ ጠይቁት። ተማሪው ማታ ለእናቱ ይነግራል። ከሁሉ በላይ ግን፣ በጠራችሁበት ቀን ተገኙ።

ለጋዜጣው ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ድሮ የጋዜጣ ጀርባ ላይ በዚህ ሳምንት የሚታዩ ቴአትሮች ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው ይወጡ ነበር። አሁን አላየውም። ብትመልሱት ቦታው ብዙ አይደለም፣ የእጅ መዳፍ ያህል ይበቃል። ስንት ሰዓት እንደሚያልቅም ጨምሩበት። የሚጀምርበትን ሁሉም ይጽፋል፣ እኛ ከከተማ ዳር ላለነው ግን የሚያስፈልገን የሚያልቅበት ነው።

የእድራችን ስብሰባ በየወሩ ሁለተኛው እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ኮሚናላችን 120 ወንበር አለው፣ መጋረጃም አለው፣ ወይዘሮዋ መልሳ አልሰቀለችውም። ጀነሬተር የለንም። ሊመጣ የሚፈልግ ቡድን ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ያሳውቀን፣ መምጣት ካልቻለ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት ይንገረን፣ ዳኛው ወረቀት ማንበብ አይፈልጉም።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ ትኬት ቆራጭ፣ ከቱሉ ዲምቱ